ጅማ ላይ ለዓመታት የሚያገለግል መነሻ ፉል ፍሬም ካሜራ አመራረጥ፦ የአምስት ካሜራዎች ንጽጽር

በጅማ ከተማ በክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስል የሚቀበለው ክፍል፣ አነስ ያለ) እና በ18-55 ሌንስ የፎቶ ሥራ ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የሠራ ሰው፣ ደንበኛው ሲበዛና የአዳራሽ ሠርግ ሲመጣለት፣ ወደ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ ወደሆነ ካሜራ) መሻገር ይገባው እንደሆነና ከተሻገረም የትኛውን ቢገዛ እንደሚሻለው መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች አብዛኞቹ ካሜራው አዲስ ሆኖ ከካርቶኑ ሲወጣ በሚያሳየው ችሎታ ላይ የቆሙ ናቸው። እዚህ የተያዘው ሚዛን ግን ሌላ ነው፤ ካሜራው አራትና አምስት ዓመት በሠርግ፣ በምርቃትና በስቱዲዮ ከዋለ በኋላ ምኑ እንደሚያረጅ፣ ምኑ እንደማያረጅና ባለቤቱን በየጊዜው ምን እንደሚያስወጣው ነው የሚታየው። በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ የበለጠው ካሜራ ሁልጊዜ ቀዳሚ ሆኖ አይዘልቅም።

ለንጽጽር የመረጥኳቸው አምስት ናቸው። ሁለቱ መስታወት ያላቸው ዲኤስኤልአሮች ሲሆኑ፣ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 6ዲ እና በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ750 ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት የሌላቸው፣ ናቸው፤ በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3፣ በ2019 የወጣው ካኖን አርፒ እና በ2020 የወጣው ኒኮን ዚ5። እንደ ካኖን አር8 እና እንደ ኒኮን ዚ5 ማርክ 2 ያሉ ከእነዚህ በኋላ የመጡ ካሜራዎች በብዙ ነገር የተሻሉ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው የከተማችን ባለሙያ የሚገዛው ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ አዲሶቹን እንደ አስፈላጊነቱ ብቻ አነሣቸዋለሁ። ኤ7 ማርክ 3 ሲወጣ ወደ 2,000 ዶላር፣ አርፒ 1,300 ዶላር ገደማ፣ ዚ5 ደግሞ 1,400 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። ዋጋን በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አንባቢ መመሪያ አይሆንም።

መሻገሩ ራሱ ያስፈልጋል?

የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የካኖን ክሮፕ ሴንሰር ደግሞ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ማለት ፉል ፍሬሙ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስፋት አለው፤ በደብዛዛ ብርሃንም ከአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን መጠን እጥፍ መሆን ነው) ጥቂት የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል። በቀን ብርሃን፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለሚነሣ የምርቃት ፎቶ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ማታ በአዳራሽ ወይም በድንኳን ውስጥ፣ ፍላሽ ሁልጊዜ መተኮስ በማይቻልበት የኒካሕና የቀለበት ሰዓት ግን በግልጽ ይታያል። በትልቅ መጠን አትሞ በፍሬም ለሚያስረክብም ጥቅም አለው፤ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ጥራት ወደ 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ይታተማል።

ብዙዎች ሳያሰሉት የሚቀሩት ወጪ ግን የሌንሱ ነው። ለክሮፕ የተሠራው ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ፣ ማለትም በእጃችን ያለው 18-55፣ በካኖን 6ዲ ላይ ጨርሶ አይገጥምም። በአርፒ ላይ በአዳፕተር ቢገጥምም ካሜራው ምስሉን ቆርጦ ወደ 10 ሜጋፒክስል ያወርደዋል። በኒኮን ዲ750ም የክሮፕ ሌንስ ይገጥማል፤ ውጤቱ ግን ያው 10 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ስለዚህ የሚሻገረው ሰው ካሜራ ብቻ ሳይሆን ሌንስም እንደ አዲስ ይገዛል። ከጠቅላላው በጀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለካሜራው አካል ብቻ ማውጣት ካስፈለገ፣ በእኔ ግምት ለመሻገር ጊዜው ገና ነው፤ በክሮፕ ካሜራ ላይ የተገጠመ ጥሩ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 (ብርሃን በብዛት የሚያስገባ) ሌንስ፣ ከተራ ሌንስ ጋር ከተገዛ ፉል ፍሬም የተሻለ ሥራ ያስረክባል።

ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ቬሎ፣ የአዳራሽ መብራት

የሠርግ ፎቶ ዋና ፈተና በአንድ ክፈፍ ውስጥ ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ፣ ከዚያም በመካከል የሙሽሮቹ የፊት ቀለም አብረው መኖራቸው ነው። ጅሬን በሚገኘው በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ሙሽሮችን ያነሣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ውስጡ ጥላ ነው፣ ከእንጨቱ መከለያ ውጭ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሴንሰሩ ልዩነት ይታያል። ዲ750፣ ዚ5 እና ኤ7 ማርክ 3 በዝቅተኛ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ንቃት መጠን) ቬሎው እንዳይቃጠል አጨልመው ያነሡትን ፎቶ በኋላ በኮምፒውተር ላይ ጥላውን ማንሣት ያስችላሉ። ካኖን 6ዲ በዚህ ደካማ ነው፤ ጥላው ብዙ ሲነሣ ቅንጣትና መስመር ይወጣበታል። አርፒም ከ6ዲ ማርክ 2 ጋር የሚቀራረብ ሴንሰር ስላለው ከሦስቱ ወደ ኋላ ይቀራል። አይኤስኦው ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ 6ዲ በአይኤስኦ 3200 እና 6400 የሚሰጠው ፎቶ ዛሬም ለአልበም የሚበቃ ነው። ፍላሽ በጃንጥላ አድርጎ በስቱዲዮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የዚህ ሁሉ ክርክር ትርጉም ትንሽ ነው፤ ብርሃኑን የሚያዘው ራሱ ነውና።

በኦቶፎከስ (ካሜራው ራሱ ፎከስ በሚያደርግበት ችሎታ) ረገድ ያለው ልዩነት ከዚህም ይሰፋል፤ ከዓመታት በኋላም እየጎላ ይሄዳል። 6ዲ ያሉት 11 የፎከስ ነጥቦች ሲሆኑ፣ በጨለማ የሚታመነው የመካከለኛው ብቻ ነው፤ እርሱ ግን እጅግ ጠንካራ ነው። ዲ750 51 ነጥቦች አሉት። ሦስቱ ሚረርለሶች ዓይንን ለይተው ይከተላሉ፤ ይህም በኤፍ 1.8 ሲነሣ ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ እንዳይሸሽ ያደርጋል። የዕድሜን ጉዳይ ስናነሣ ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። በዲኤስኤልአር ፎከስ የሚለካው ከሴንሰሩ በተለየ ክፍል ስለሆነ፣ ካሜራው ሲወድቅና ሲጋጭ ወይም ሌንሱ ሲያረጅ ፎከሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። 6ዲም ዲ750ም ይህን በሜኑ ውስጥ ለየሌንሱ ማስተካከል ያስችላሉ፤ ነገር ግን ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በሚረርለስ ፎከሱ በራሱ በሴንሰሩ ላይ ስለሚለካ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል።

ስለ አዳራሽ መብራት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል። ሚረርለስ ካሜራን ድምፅ በሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር አድርጎ በእንዲህ ያለ ብርሃን የሚያነሣ ሰው በፎቶው ላይ የጥቁርና የነጭ መስመሮች ያገኛል። መፍትሔው መካኒካል ሹተር (በሴንሰሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ) መጠቀምና ፍጥነቱን ወደ 1/50 ወይም 1/100 ማውረድ ነው፤ ለቪዲዮም ሲስተሙን ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር የሚስማማው) ላይ አድርጎ በ25 ፍሬም መቅረጽ ነው። ካኖን አር8ን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ካሜራው ሙሉ መካኒካል ሹተር እንደሌለው፣ የመጀመሪያው መጋረጃ ሁልጊዜ ኤሌክትሮኒክ እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

እርጥበት

ለጅማ ገዢ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ጉዳይ ይህ ነው፤ በሌላ ቦታ ለሌላ አንባቢ የተጻፉ ንጽጽሮች ግን እምብዛም አያነሡትም። በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል። በአንጻሩ የሠርጉ ሥራ በጥር፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም ከረመዳን በፊትና ከዒድ በኋላ ተጠጋግቶ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ በክረምት አየሩ እጅግ በሚረጥብበት ጊዜ ካሜራው ሥራ ፈትቶ በቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ለሌንስ ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ የለም።

ሻጋታ በሌንሱ ውስጥ ከሚገኝ አቧራና ከጣት ቅባት እየተመገበ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ የሚያመነጨው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ሽፋኑ ከተበላ በኋላ ማጽዳት ሻጋታውን ቢያነሣም ጠባሳውን አያነሣም። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ለረዥም ጊዜ ሲቆይ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ካሜራና ሌንስ ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለበት ቦታ ቢቀመጡ ይመረጣል። ለዚህ ውድ ካቢኔት የግድ አያስፈልግም። ክዳኑ ጎማ ያለው ጥብቅ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ቀለሙ የሚለወጥ ሲሊካ ጄልና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ በምድጃ በዝግታ አድርቆ መልሶ መጠቀም ይቻላል። በጄል ፋንታ ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚለው ምክር እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ሩዙ እርጥበት የመምጠጥ ኃይሉ ደካማ ነው፣ ዱቄቱም በቀለበቶቹ መካከል ይገባል። በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ለወራት ማስቀመጥም እንዲሁ አይመከርም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

አምራቾቹ ዲ750ንም ዚ5ንም ከአቧራና ከካፊያ እንዲከላከሉ አድርገው ሠርተዋቸዋል፤ 6ዲም የራሱ መከላከያ አለው፤ አርፒ በዚህ ረገድ ቀለል ያለ ነው። ነገር ግን በዚህ መከላከያ ላይ ብዙ መታመን አይገባም። በመጀመሪያ ነገር፣ እንደ ካኖን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ያሉ ርካሽ ሌንሶች በመግጠሚያው ላይ የጎማ ቀለበት የላቸውም፤ ስለዚህ የካሜራው አካል ቢታሸግም ውኃው በሌንሱ በኩል መንገድ ያገኛል። በተጨማሪም ጎማው ራሱ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። የስድስት ዓመት ካሜራን አዲስ ሳለ በተጻፈለት መከላከያ ተማምኖ በሰኔ ዝናብ ሥር ማውጣት ድፍረት ነው፤ አንድ ጃንጥላና አንድ ረዳት ከማንኛውም የታሸገ አካል ይበልጣሉ።

ዝናቡ ሲያበቃ ተራው የአቧራ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ለቀማና ማድረቂያ ጊዜ ይመጣል፤ በማድረቂያ አልጋና በመፈልፈያ አካባቢ የሚነሣ ሰው ደቃቅ የገለባ አቧራ ያገኘዋል፣ የገጠሩም መንገድ ቀይ አፈር ነው። በዲኤስኤልአር ሌንስ ሲቀየር በሴንሰሩ ፊት መስታወቱና የተዘጋው ሹተር ስላሉ አቧራው በቀጥታ አይደርስበትም። አርፒና ኤ7 ማርክ 3 ግን ሲጠፉ ሹተራቸውን ስለማይዘጉ ሴንሰራቸው እንደተጋለጠ ይቆያል። ሚረርለስ ይዞ በቡና ማሳ የሚሠራ ሰው አንድ ዙም ሌንስ ገጥሞ ውሎውን ባይቀይር መልካም ነው፤ ሁለት ካሜራ ያለውማ ጭራሽ ችግር የለበትም።

ባትሪና የመብራት መቋረጥ

በወረቀት ላይ ዲኤስኤልአሮች በሰፊው ይመራሉ። በተለመደው የኢንዱስትሪ መለኪያ መሠረት 6ዲ በአንድ ባትሪ 1,090 ፎቶ፣ ዲ750 ደግሞ 1,230 ፎቶ ያነሣሉ። ኤ7 ማርክ 3 ወደ 710፣ ዚ5 ወደ 470፣ አርፒ ደግሞ 250 ብቻ። በተከታታይ ሲነሣ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ ደረጃው ግን አይለወጥም። ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ እንደሚቀንስ ደግሞ መዘንጋት የለበትም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሩብ ያህሉን ያጣ የዲ750 ባትሪ አሁንም ሠርጉን ይጨርሳል፣ ያንኑ ያህል ያጣ የአርፒ ባትሪ ግን ከሙሽራዋ ቤት እስከ አዳራሹ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። አርፒ የሚገዛ ሰው ሦስትና አራት ትርፍ ባትሪ ከካሜራው ዋጋ ጋር ደምሮ ይቁጠር።

ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሌላም ሒሳብ አለ። 6ዲና ዲ750 ባትሪያቸው የሚሞላው በቻርጀር ብቻ ነው፤ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ቻርጀርም የግድግዳ መብራት ይፈልጋል። ሦስቱ ሚረርለሶች ግን በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ይሞላሉ፤ ዚ5 እንዲያውም እየሠራ ኃይል መቀበል ይችላል። ከሠርጉ ዋዜማ ጀምሮ መብራት ቢጠፋ፣ በመኪና ውስጥ እየተጓዙ ባትሪ መሙላት ትልቅ ነገር ነው። አርፒ ፒዲ የሚባለውን የኃይል አሰጣጥ የሚደግፍ ፓወር ባንክ እንደሚፈልግ፣ የኒኮን የድሮው ኢኤን-ኢኤል15 ባትሪም በዚ5 ውስጥ ቢሠራም በዩኤስቢ እንደማይሞላና ለዚህ መጨረሻው ቢ ወይም ሲ ፊደል ያለበት ባትሪ እንደሚያስፈልግ መታወቅ አለበት። የ6ዲ ባትሪ ከ2008ቱ 5ዲ ማርክ 2 ጀምሮ በብዙ የካኖን ካሜራዎች የሚሠራበት ዓይነት ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ ይህም ለካሜራው ረጅም ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው። በክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ባትሪን ሙሉ አድርጎም ባዶ አድርጎም ማስቆየት ያስረጀዋል፤ ግማሽ ያህል ሞልቶ ከካሜራው አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሌንስ

ካሜራው በአምስት ዓመት ውስጥ ይሸጣል፤ ሌንሱ ግን ለቀጣዩ ካሜራ ይተርፋል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከሌንስ ጀምሮ ወደ ካሜራው መምጣት ነው የሚሻለው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝም አብዛኛውን ውሳኔ የሚወስነው ይህ ክፍል ነው።

የካኖን ኢኤፍ መግጠሚያ ከ1987 ጀምሮ ያለ በመሆኑ ያገለገለ ሌንስ በብዛት ይገኛል። ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 እና ኢኤፍ 85 ኤፍ 1.8 ሁለቱን ብቻ ይዞ ጥሩ የሠርግ ቁም ፎቶ መሥራት ይቻላል። እነዚህ ሌንሶች በ6ዲ ላይ በቀጥታ፣ በአርፒ ላይ ደግሞ በካኖን አዳፕተር አማካይነት ኦቶፎከሳቸውን ሳያጡ ይሠራሉ። በእጁ የኢኤፍ ሌንስ ያለው ሰው ከ6ዲ ወደ አርፒ ሲሻገር ሌንስ መሸጥ አያስፈልገውም፤ ይህ የካኖን ትልቁ ጥቅም ነው። አዲሱ የአርኤፍ መግጠሚያ ግን ለረዥም ጊዜ ለፉል ፍሬም ኦቶፎከስ ያላቸውን የሌሎች አምራቾች ሌንሶች ሲገድብ ስለኖረ፣ በርካሽ መካከለኛ ዙም ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው።

የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ከሌንሶቹ መካከል የራሳቸው ሞተር የሌላቸው፣ ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት አሉ። ዲ750 በአካሉ ውስጥ ሞተር ስላለው እነዚህን ርካሽ ሌንሶች በኦቶፎከስ ይጠቀምባቸዋል። ዚ5 ግን በኤፍቲዜድ አዳፕተር ሲገጠሙለት በእጅ ብቻ ነው የሚያስተካክላቸው፤ እንደ ኤኤፍ-ኤስ ያሉ የራሳቸው ሞተር ያላቸው ብቻ ኦቶፎከስ ያደርጋሉ። ዛሬ ዲ750 ገዝቶ በኋላ ወደ ዚ ለመሄድ የሚያስብ ሰው፣ ጥቂት ጨምሮም ቢሆን ከመጀመሪያው ኤኤፍ-ኤስ ይግዛ።

ሶኒ በሌንስ ብዛት ከሚረርለሶቹ ይመራል፤ ታምሮን፣ ሲግማ፣ ሳምያንግና ቪልትሮክስ ለእርሱ ብዙ ሠርተዋል። የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ለሠርግ ብቻውን የሚበቃ ነው። የሶኒ የራሱ ርካሽ 50 ኤፍ 1.8 ግን ፎከሱ ቀርፋፋና ድምፅ ያለው ስለሆነ በካሜራው ፍጥነት ልክ አይደለም፤ ገንዘቡን ለ85 ኤፍ 1.8 ማቆየት ይሻላል።

ካርድ፣ ሹተርና ፋይል

ሠርግ አይደገምም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያላቸው ዲ750፣ ዚ5 እና ኤ7 ማርክ 3፣ አንድ ብቻ ካላቸው ከ6ዲና ከአርፒ በላይ ናቸው፤ በገበያችን ሐሰተኛ ሜሞሪ ካርድ በሚዘዋወርበት ሁኔታ ደግሞ ነገሩ የምቾት ጉዳይ አይደለም። አር8ም አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያለው።

ስለ ሹተር የሚባለው አንዳንዴ ይጋነናል። 6ዲ ለ100,000፣ ዲ750 ለ150,000፣ ኤ7 ማርክ 3 ለ200,000 ምት የተፈተኑ ናቸው። በአንድ ሠርግ 1,500 ምት፣ በዓመት 40 ሠርግ ብለን ብናሰላ በዓመት 60,000 ይሆናል፤ 6ዲ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቁጥሩን ያልፋል ማለት ነው። ቁጥሩን ማለፍ ግን መሰበር አይደለም፤ ብዙዎቹ ከዚያም በኋላ ይሠራሉ፣ ከተበላሹም ሹተር ይቀየራል። ጥገናው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ልኮ መጠበቅን የሚጠይቅ ስለሆነ በሠርግ ወቅት ሁለተኛ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ያ የድሮው ክሮፕ ካሜራ እንኳ ቢሆን አይሸጥ።

የፋይሉ ነገር አጭር ቢሆንም ያስቸግራል። ብዙ ፎቶ ቤቶች አሁንም የፎቶ ማረሚያውን ላይትሩም 6ን ይጠቀማሉ፤ ይህ ሶፍትዌር የ6ዲንና የዲ750ን ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረውን ጥሬ ፎቶ) ይከፍታል፣ የሦስቱን ሚረርለሶች ግን አይከፍትም። በነጻ የሚገኘው የአዶቢ ዲኤንጂ መለወጫ ችግሩን ይፈታል፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ሠርግ በኋላ ተጨማሪ ሰዓት ይወስዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕንም ያደክማል። ኤ7 ማርክ 3 ባልታመቀ ሮው ለአንድ ፎቶ 47 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በታመቀው ማንሣት ግማሹን ያህል ያድናል፣ ለሠርግም ልዩነቱ አይታይም።

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ውስን ሆኖ ዋና ሥራው የሠርግ ፎቶ ለሆነና ቪዲዮ ለማይቀርጽ ሰው ምርጫዬ ኒኮን ዲ750 ነው። ሁለት ካርድ፣ ረጅም ባትሪ፣ ጥላን የሚያነሣ ሴንሰርና ርካሽ ሌንስ በአንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ ካሜራ በዚህ የዋጋ ደረጃ አላውቅም። ከባትሪው ጋር 840 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ማታ ላይ ትከሻን ማድከሙ አይካድም።

ፎቶና ቪዲዮ ደርቦ ለሚሠራ ኤ7 ማርክ 3 ይቀድማል። በሙሉ የሴንሰሩ ስፋት 4ኬ ይቀርጻል፣ በአካሉ ውስጥ የመንቀጥቀጥ መከላከያ አለው፣ ፎከሱም በቪዲዮ አስተማማኝ ነው። አርፒ በ4ኬ ምስሉን በጣም ይቆርጠዋል፣ ጥሩው ኦቶፎከሱም በዚያ ጊዜ አይሠራም፤ ዚ5ም በ4ኬ በ1.7 እጥፍ ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ ለሙሉ ኤችዲ ካልሆነ በቀር የቪዲዮ ካሜራ ተብለው ሊገዙ አይገባም።

ዚ5 ለአምስትና ለስድስት ዓመት የሚቆይ አንድ ካሜራ ለሚፈልግና የሚቸኩል ሥራ ለሌለው ሰው ይስማማል። በሰከንድ 4.5 ፎቶ ብቻ ማንሣቱ ተመራቂዎች ቆባቸውን ወደ ላይ ሲወረውሩ ይሰማል፤ በቀረው ግን ከአምስቱ መካከል እንደ እርሱ ጥቂት ጉድለት ያለው የለም። የዚ ሌንስ በያገለገለ ዕቃ ገበያችን እንደ ኢኤፍ ስለማይበዛ፣ ከውጭ የሚያመጣለት ዘመድ ያለው ሰው ይቀለዋል።

አርፒ የኢኤፍ ሌንስ ቀድሞ ላለው፣ በዋናነት ልደት፣ የቤተሰብና የምርቃት ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ጥሩ ነው፤ 485 ግራም ብቻ መመዘኑና ዓይንን መከተሉ ሥራን ያቀላል። ብቸኛ የሠርግ ካሜራ ሆኖ እንዲገዛ ግን አልመክርም። 6ዲ ደግሞ ለስቱዲዮ፣ ለጉርድና ለቁም ፎቶ እስከ ዛሬ የሚከበር ነው። ስክሪኑ የማይገለበጥ በመሆኑ የሚላቀቅ ሽቦ የለውም፤ ከአምስቱ ጥቂት የሚሰበር ነገር ያለው እርሱ ነው። በዋጋው ከአርፒ ጋር ከተቀራረበ ግን አይገዛ።

ያገለገለ ሲገዛ የሚታይ

በኒኮን የሹተር ቁጥሩ በፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጻፍ አንድ ጄፔግ አንሥቶ በኮምፒውተር ማየት ይቻላል። በ6ዲ ግን ቁጥሩ ከፋይሉ ውስጥ አይገኝም፤ ካሜራውን በዩኤስቢ አገናኝቶ በልዩ ሶፍትዌር ማንበብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሻጩ በቃል የሚናገረውን ቁጥር እንዲያሳይ ይጠየቅ። በ6ዲ ሜኑ ውስጥ የባትሪው የመሞላት አቅም በሦስት ነጥቦች ይታያል፤ በዲ750ም የባትሪው ዕድሜ ከ0 እስከ 4 ይነበባል።

ሌንሱን አፐርቸሩን (የብርሃን ቀዳዳውን) ከፍቶ የስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ ከፊት ማየት ነው፤ ጭጋግ ወይም ድር የሚመስል ነገር ካለ ዋጋው ቢቀንስም አይያዝ፣ ከሌሎቹ ሌንሶች ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥም አይበጅም። ለሴንሰሩ በኤፍ 16 ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሥቶ ማጉላት ይበቃል። በርካሽ የሚቀርብ ኒኮን ዲ600 ሲገኝ ይህ ፈተና የግድ ነው፤ ያ ካሜራ በሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ የሚፈጥር የታወቀ ችግር ስለነበረበት ኒኮን በ2013 በአዲስ ሹተር ዲ610ን አውጥቷል፣ በ2014 ደግሞ ዲ600ን በነጻ እንደሚጠግን አስታውቋል። ከዲ750ም የመጀመሪያዎቹ ምርቶች መካከል በሹተራቸው ምክንያት ለነጻ ጥገና የተጠሩ ስለነበሩ፣ የካሜራውን መለያ ቁጥር ከኒኮን ማስታወቂያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ፍላሽ ሰክቶ መተኮሱን፣ የካርድ ክዳኑ በትክክል መዝጋቱን፣ ሁለት ማስገቢያ ካለውም በሁለቱም መጻፉን መፈተሽ ይገባል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ሁለቱን ካርዶች ይዞ ሄዶ ፎቶዎቹን በራስ ኮምፒውተር ላይ፣ በሚሠራበት ሶፍትዌር ከፍቶ ካዩ በኋላ ነው ሙሉውን ገንዘብ መክፈል።